አረንጓዴ ክር የታሰረበት ኬብል

ደሬዬ፣

ከተለየኸን ወዲህ እዚህ ሰፈራችን ሆልምሊያ ላይ በረዶ ሲጥል ይኸው ሁለተኛው ነው። ጫማህን ከበሩ ጀርባ አንስቻለሁ፤ ካፖርትህን ግን እስካሁን አልደፈርኩም። ሶፋውን ወደ መስኮቱ አዙሬዋለሁ። አንተ ብትኖር የመብራቱ ገመድ አይደርስም ብለህ እሺ አትልም ነበር። ልጃችን ሊዲያ ዩኒቨርሲቲ ገብታ የሕንጻ ንድፍ ትማራለች። ቁመቷ አልፎኛል፤ ስትቆጣ ደግሞ ቁርጥ አንተን ናት። ዛሬ የምጽፍልህ ግን ስለ ኮምፒዩተሯ ነው። ሳቅህ መጣ አይደል? ስለ ኮምፒዩተር ልታወራኝ ስትጀምር ድስቱ አረረ ብዬ እነሳ የነበርኩት ሴትዮ፣ አሁን ስለ ፓወር ሰፕላይ ደብዳቤ እጽፍልሃለሁ።

ያን ኮምፒዩተር ከልጅህ ጋር የገጣጠማችሁበት ቅዳሜ ዓይኔ ላይ አለ። የምግብ ጠረጴዛዬን ወርራችሁት ሁላችንም ምሳ ቆመን በላን። ከግድግዳው መብራት ተቀብሎ ለኮምፒዩተሩ ዕቃዎች የሚያከፋፍለውን፣ ፓወር ሰፕላይ የምትለውን ያን ከባድ ሳጥን ከካርቶኑ ስታወጣው ስምንት መቶ ሃምሳ ዋት የሚል አነበብኩበት። ሥዕሉን ወደ ስክሪኑ የሚያወጣው የዚያን ጊዜው ግራፊክስ ካርድ ትንሽ ስለነበር ግማሹ ይበቃው ነበር። ይሄ ለኮምፒዩተር ነው ወይስ ለሕንጻው ነዋሪ በሙሉ ብዬ ቀለድኩብህ። ጓደኛህ ሙሉጌታም አብሮኝ ሳቀ። አንተ ግን ቅር ሳይልህ ቁጭ አድርገህ አስረዳኸን። ፕሮሰሰሩና ካርዱ ቢበዛ ስንት እንደሚስቡ ይደመራል፤ ከዚያ በላይ ደህና ትርፍ ይተዋል፤ ምክንያቱም ካርድ ሥራ ሲበዛበት ለቅጽበት ከተጻፈለት በላይ ይጎትታል አልክ። ካርቶኑ ላይ በትልቁ የተጻፈውን ቁጥር ብቻ አትመኑ፣ ጎኑ ላይ ያለውን የአሥራ ሁለት ቮልቱን መስመር እዩ፣ ካርዱ የሚበላው ከዚያ ነው አልክ። መጨረሻ ላይ ደግሞ ልጅ ታድጋለች፣ ሥራዋም አብሯት ያድጋል ብለህ ክዳኑን ዘጋህ። እኔ ሰምቼ ረሳሁት።

የክርህን ነገር ግን አልረሳሁትም፤ እንዴት እረሳለሁ! ከሳጥኑ ጋር ከመጡት ኬብሎች የማያስፈልጉትን ነቅለህ፣ ከስፌት ዕቃዬ በወሰድከው ክር አስረህ ታስቀምጥ ነበር። ለቀሚሴ ጠርዝ የገዛሁት አረንጓዴ ክር ለሊዲያ ኮምፒዩተር ሆነ። ቀዩ የሙሉጌታ ነበር፤ እሱ ይጥለዋል ብለህ የእሱንም ትርፍ አንተው ጋ አስቀመጥክ። ለትቬይታና ለቶየን ሰፈር ሰዎች የገጣጠምክላቸውም እንዲሁ የየራሳቸው ቀለም ነበራቸው። የአንዱ ፓወር ሰፕላይ ኬብል የሌላው ቀዳዳ ውስጥ ልክክ ብሎ ሊገባ ይችላል፣ ውስጡ ያሉት ሽቦዎች ግን አቀማመጣቸው ከተለያየ ያገኘውን ያቃጥላል ትል ነበር። እኔ ደግሞ ክር ጨረስክብኝ እያልኩ ስነጫነጭ ኖርኩ።

ዘንድሮ ሊዲያ የምትነድፈውን ሕንጻ ሥዕል በስክሪኑ ላይ ስታዞረው ኮምፒዩተሩ ይንተፋተፍ ጀመር። ሥራዋን ለመምህራኖቿ የምታቀርብበት ቀን ደግሞ ቀርቧል። በትምህርት ዕረፍቷ ሠርታ በያዘችው ገንዘብ አዲስ ግራፊክስ ካርድ ገዛች፤ ብታየው ጡብ ያክላል። የካርዱ ወረቀት ላይ ሰባት መቶ ሃምሳ ዋት ያስፈልገዋል ይላል። ያንተ ሳጥን አርጅቷል፣ ሊጣል ነው ብዬ ፈራሁ። ሊዲያ ግን የካርዱንና የፕሮሰሰሩን ደመረች፣ የሳጥኑን ጎን በስልኳ አብርታ አየች፣ ዋስትናውም ገና እንዳላለፈበት አረጋገጠች። ከዚያ ቀና ብላ ይበቃል እማዬ፣ ይተርፋልም አለችኝ። እጄን ልታጠብ ብዬ ገብቼ አለቀስኩ።

ችግሩ ከዚያ በኋላ መጣ። አዲሱ ካርድ ለየብቻቸው የሚሰኩ ሁለት ኬብሎች ይፈልጋል፤ ውስጥ ያለው ግን አንድ ብቻ ነው። ሊዲያ ምድር ቤት ወዳለው የዕቃ ማስቀመጫ ክፍላችን፣ ወደ ቦዳችን ወርዳ የኬብል ቦርሳህን ይዛ መጣች። በለቅሶህ ሰሞን ሙሉጌታ ለሰው መቀመጫ ቦታ ላስለቅቅ ብሎ የሥራ ጥግህን ሰብስቦ፣ ለየብቻ ያስቀመጥካቸውን ኬብሎች ሁሉ አንድ ቦርሳ ውስጥ ጠቅጥቋቸው ነበር። ሰው እንዳይቆም ብሎ ነው፤ ማን በዚያ ሰዓት ስለ ኬብል ያስባል? ሊዲያ ከላይ ያገኘችውን አውጥታ ሰካችው። ቀጭ ብሎ ገባ። ጣቷን ወደ ማብሪያው ስትሰድ፣ ከኋላ በኩል ቀይ ክር ተንጠልጥሎ አየሁ።

ዋት አላውቅ ይሆናል፣ የራሴን ክር ግን አውቃለሁ፤ ቀዩ የሙሉጌታ ነው። ተይ ብዬ ስጮህ ልጅቱ ደነገጠች። አይ፣ ገብቷል እኮ እማዬ እያለች ተከራከረችኝ። ንቀይው አልኳት። ቦርሳውን ጠረጴዛው ላይ ዘረገፍነው፤ አረንጓዴው ከታች ተቀብሮ ተገኘ። ሁለቱን ጎን ለጎን ይዛ ስታያቸው የሽቦዎቹ አሰላለፍ ለየቅል ነበር። ሊዲያ ወንበሩ ላይ ቁጭ አለችና ኬብሉን ሳይሆን ቋጠሮውን ታሻሽ ጀመር፤ ያንተን ቋጠሮ። ለሙሉጌታ ደውለን ነገርነው። ይሄ ሰውዬ ሞቶም ጥፋቴን ያርማል ብሎ ሳቀ፤ ሳቁም መሀል ላይ ወደ ለቅሶ ዞረበት። ማታውኑ ባርኔጣ ሳያደርግ በበረዶው መጣ።

እሱ እስኪደርስ ጠብቀን አበራነው። ማራገቢያዎቹ ተነሱ፤ አንተ ሳሎን ውስጥ ስትሠራ እሰማው የነበረው ያ ድምፅ ቤቱን ሞላው። የሊዲያ ሕንጻ በስክሪኑ ላይ ቀስ ብሎ፣ ሳይንተፋተፍ ዞረ። ደሬ፣ ያን ሳጥን ስትገዛ ይሄ ካርድ ገና አልተሠራም ነበር። ገና ላልመጣ ነገር፣ አንተ ለማትኖርበት ቀን ቦታ ትተህ ነበር። እኛ ቀለድን፤ አንተ ግን ልጅህን በልክ ሳይሆን በትርፍ አሰብክላት። ብዙ ጎበዝ ሰው አውቃለሁ፤ እንዲህ የሚያስብ ግን ካንተ ሌላ አላየሁም። ኮራሁብህ።

ኬብሎቹን ሙሉጌታና ሊዲያ እንደገና በየቀለማቸው ለዩዋቸው። ያንተ ቋጠሮ ያልተፈታበትን አልነካንም፤ የተፈታውን ያሰረችው ልጅህ ናት። እኔም በማግስቱ ትቬይታ ወርጄ አዲስ አረንጓዴ ክር ገዛሁ። የምሰፋው ቀሚስ የለኝም። ከእንግዲህ ግን ዕድሜዬን ሙሉ አረንጓዴ ክር ከስፌት ዕቃዬ ውስጥ አይጠፋም፤ ባለቀ ቁጥር ሌላ እገዛለሁ።

ያንተዋ አልማዝ