አንድ ሰው ይቀራል

ለወንድም ዓለሜ፣

እንደምን ከርመሃል? ጉልበትህ ተሻለህ? ሚስትህና ልጆቹስ? እኔን ከጠየቅከኝ አለሁ፤ ወገቤ ነው እንጂ አፌ እንደምታውቀው ደህና ነው።

የምጽፍልህ ስለ አባባ ነው። መርሳቱ ብሶበት ከምግብ መኳረፍ ከጀመረ ሦስት ወር አለፈው። ከመክሳቱ የተነሳ ልብሱ ትከሻው ላይ የተሰቀለ ይመስላል። ማንኪያ ሳስጠጋለት ጥርሱን ግጥም አድርጎ "አንድ ሰው ይቀራል" ይለኝ ነበር። ጣዕም ያጣ መስሎኝ ጨው ስጨምር፣ ጥርሱን ያመመው መስሎኝ ድንች ሳደቅቅ ከረምኩ። አንድ ቀን ንዴቴ አሸነፈኝና አገጩን ይዤ በግድ ጨመርኩበት። ትን ብሎት ፊቱ ጠቆረ። ይህን ለማንም አልተናገርኩም፤ ያኔ እጄን ቄጠማ ባደረገው።

ለካ እሱ በሐሳቡ አሁንም የአዳሪ ተማሪዎቹ ምግብ አብሳይ ነው። ሠላሳ ዓመት ሙሉ የመጨረሻው ልጅ ሳይበላ እህል ቀምሶ አያውቅም፤ እኛንም በዚሁ ሕግ አሳደገን። የጣሰው አንድ ቀን ብቻ ነው፤ አንተን ምግቡ በአፍህ እንዳለ "ከገበታዬ ተነሳ" ያለህ ቀን።

ባለፈው ወር የዕቃ ማጠቢያው ቧንቧ ፈሰሰና ሠራተኛ ጠራሁ። ሲጨርስ ሾርባ አቀረብኩለት፤ ሳያውቅ ያንተ ወንበር ላይ ተቀመጠ። አባባ ሰውየው ሳህኑን ጥርግ አድርጎ እስኪበላ ዓይኑን አልነቀለበትም። ከዚያ አባባ የራሱን ማንኪያ በገዛ እጁ አነሳ። እኔ ጓዳ ገብቼ አለቀስኩ። ከዚያ ወዲህ ሰውየው በየቀኑ ለምሳ ይመጣል፤ "ቧንቧው ሳይፈስ እንዲህ ያመላለሰኝ ቤት የለም" እያለ ይቀልድብኛል።

ማክሰኞ ዕለት አባባ እጁን ያዘው። ባንተ ስም ጠርቶ "ያን ቀን በልተህ ሳትጨርስ አስነሳሁህ፤ ይቅር በለኝ ልጄ" አለው። ሰውየው ዞሮ አየኝ። እሺ በለው ብዬ ጠቀስኩት። "ይቅር ብያለሁ፣ አባባ" አለው። የዚያን ቀን አባባ ሁለት ሳህን በላ።

አንተ "ይቅርታ ሳይጠይቀኝ ደጁን አልረግጥም" ብለህ ነበር። ይኸው ጠየቀ። ሐኪሙ ደግሞ እየቆየ መዋጡንም ይረሳዋል ብሎኛል፤ ስለዚህ ቶሎ ና። ስትመጣ ግን ልጅህ ነኝ አትበለው። በሱ ቤት ልጁ መጥቶ ታርቆታል፤ ግራ ይገባዋል። ቧንቧ ልሠራ ነው የመጣሁት በለውና ቁጭ ብለህ የሰጠሁህን ጨርሰህ ብላ።

መንገድህን ያቅናልህ። ከገበታህ ሰው አይጉደልብህ።

እህትህ