የመከነው ጦስኝና የእኔ ዓይን

ለክቡር ባላምባራስ ዘርአ ዳዊት፣ የዳገቱ አትክልት ሹም፤

ጤናዎ እንደ ድምፅዎ ይበርታ። እኛ ደህና ነን። ጎረቤቴ ወይዘሮ አልታየች ያ ክፉ ሳሏ በጦስኝ ለቀቃት፤ ልጇም ወንድ ተገላገለች። ሕፃኑን ታቅፌ ሳምኩት፤ እስከ ዛሬ በዓይኔ አልተበላም።

ይህን ማለቴ፣ የእኔ የደመቀች ዓይን ጦስኙን አመከነው ብለው በአደባባይ ስላስነገሩብኝ፣ ጦስኝ ለቅሜ ከማድርበትም ዳገት ድርሽ እንዳልል ስለ ከለከሉኝ ነው። አቤቱታዬ እነሆ።

አንደኛ፦ በጣርማ በር ውርጭ የሚበቅለው ጦስኝና የእኛ የታችኛው አንድ እንዳልሆኑ በትሕትና ነግሬዎት ነበር። ለላይኛው እግዜር ሁሉን እጥፍ አድርጎ የሰጠው ይመስላል፤ ቅጠሉ ወፍራም፣ አበባው ትልቅ ነው። እርስዎ ግን ከበቅሎዎ ሳይወርዱ፣ ጎንበስ ብለውም ሳያሸቱ፣ ሁለቱም ያው ጦስኝ ነው ብለው ፈረዱ። ከኮርቻ ላይ ሆኖ ቅጠል መለየት ለእኛ ለእግረኞቹ ያልተሰጠ ጸጋ ነውና እናመሰግናለን።

ሁለተኛ፦ የእኔን ንጹሕ መደብ አስነቅለው ሁለቱን ባንድ ላይ አስተከሉ፤ ንብ አጋባቸው። ልጆቹ በቀሉ፣ አማሩ፣ አበቡ፤ እርስዎም እንግዳ ጠርተው አሳዩ። ሲደርቅ አበባውን በመዳፌ ባሸው ባሸው ገለባ ብቻ! ዳዊት ከመድገም ያለፈ ትምህርት የለኝም፤ ግን እጥፉና ነጠላው ሲጋቡ ልጁ አንድ ተኩል አይሆንም? ያ ተኩል ታዲያ ለልጅ ልጅ እንዴት ተከፍሎ ይደርሳል?

ሦስተኛ፦ ዘሩ ሲጠፋ ጥፋተኛ ተፈለገ። የእርስዎ አሳብ ባለማዕረግ ስለሆነ አልተነካም፤ የእኔ ዓይን ተያዘ። ሦስት ዓመት ሙሉ ሲያበላሹ ያየ ዓይን መሆኑን ግን አልክድም።

እንግዲህ ያስነገሩብኝን ባስነገሩበት አደባባይ እንዲያነሱልኝ፣ ዳገቱንም እንዲለቁልኝ እለምናለሁ። እስከዚያው ይህ ደብዳቤ በየሰንበቱ ከቅዳሴ በኋላ በደጀ ሰላሙ ይነበባል።

ጥላዎ ባረፈበት ሣር ሁሉ ዓይኗን ጨፍና የምታልፍ ታዛዥዎ፣
ደመቀች ወልደተንሣኤ
አንኮበር፣ ግንቦት ፲፰፻፸፱ ዓመተ ምሕረት

ከፊርማ በኋላ የተጨመረ፦ ደብዳቤውን ሳላጥፈው የአልዩ አምባው ነጋዴ ሸሪፍ ጎራ አለ። ክስዎን ነገርኩት። የአጋሰሱን ጭነት እያጠበቀ፣ ወላሂ እትዬ ደመቀች፣ የባላምባራስ በቅሎም እስከ ዛሬ አልወለደችም፤ እሷንም ያየሻት አንቺ ነሽ እንዴ? አለኝ።