የእንጨቷ መዶሻ

ላቀው፣
ስንት ዓመት ሙሉ ስትቀጠቅጥ ላሜራውን ይዤልህ ኖርሁ። አንድ ቀን እንኳ «እስቲ አንቺም ምቺው» ብለኸኝ አታውቅም። «የሴት እጅ ላሜራ ያበላሻል» ነበር የምትለኝ።
ፍሬሕይወት ከዓረብ አገር መጥታ ሥራ ልማር ስትልህ ጊዜ ግን እጇ የሴት መሆኑ ቀረ! የእንጨቷን መዶሻ ሰጠሃት። እጇን ይዘህ አስተማርሃት።

ሽሮው ድስቱ ውስጥ አለ፣ አሙቀህ ብላ።
ውሃ ዛሬ ይመጣል፣ በርሜሉን ሙላ።

ያንን የባጃጅ ፓራፋንጎ ያበላሸችው እሷ ናት። ጠርዙን ለማጥበብ አጠፈችውና እጥፋቱን ከመሀል መታችው፤ ተመልሶ ተለጠጠ። አንተም «አይዞሽ፣ የኔ እመቤት» አልሃት። ሰምቻለሁ። እኔ ስወልድ እንኳ እንዲያ አላልኸኝም።

ትናንት ስለ እሷ የተናገርሁት ትንሽ በዝቷል።
ተወው።

እሁድ አንተ ቅዳሴ ስትሄድ ሰንበት ሽሬ ፓራፋንጎውን አቃናሁት። የእጥፋቱን ጫፍ አስቀድሜ ደፍጥጬ ቀስ እያልሁ ወደ ውስጥ ቀጠቀጥሁት። ግድግዳው ላይ ሰቅዬዋለሁ፣ በመዳፍህ ዳስሰው።

መዶሻዋን አትፈልጋት። ይዣት አንበሳሜ እህቴ ዘንድ ሄጃለሁ፣ እዚያ ልሠራባት ነው።
ከመጣህ ላሜራውን የምትይዘው አንተ ነህ።

ያለምወርቅ