ድመቷን ለሰው ስጣት ላልሽኝ

ይድረስ ለታላቅ እህቴ፣ ለእታለም፣

እንዴት ነሽ? ጉልበትሽን ተሻለሽ ወይስ አሁንም ቀኑን ሙሉ ቆመሽ ነው የምትውዪው? ባለቤትሽ ደህና ነው? ልጆቹስ ብርዱን ቻሉት? እኔ ደህና ነኝ። እማዬም በአካሏ ደህና ናት፤ ትበላለች፣ ትተኛለች፣ ደስ ሲላት ትሰድበኛለች። በአካሏ ያልኩት አውቄ ነው፤ እመለስበታለሁ።

በስልክ «ድመቷን ለሰው ስጣትና ተገላገል» ብለሽ ስትቆጪኝ ዝም ያልኩሽ መልስ አጥቼ አይደለም። እማዬ አጠገቤ ቁጭ ብላ ትሰማ ነበር። እሷ ፊት የማይነገር ነገር ስለበዛ ነው በደብዳቤ የምጽፍልሽ። እንደ ልማድሽ ግማሹ ላይ ተናደሽ እንዳትተዪው፣ እስከ መጨረሻው አንብቢልኝ።

እሜቴን ትተሽልን ስትሄጂ እፍኝ የማትሞላ የድመት ግልገል ነበረች። አሁን ስሟን የመሰለች ወይዘሮ ሆናለች። በድሮው ቤት ጓሮ ስለነበረን የእሷን ጉዳይ ማንም አያውቀውም ነበር፤ ወጥታ ትቆፍራለች፣ ትቀብራለች፣ ትመለሳለች። ሦስተኛ ፎቅ ላይ ከወጣን ወዲህ ግን ምን ትቆፍር? አንቺ የላክሽው የሱቅ አሸዋ ጥሩ ነበር፣ ሽታውን ይይዘዋል። እሱ ሲያልቅ እዚህ ሱቅ ገብቼ ለድመት መጸዳጃ የሚሆን አሸዋ ብል፣ ባለሱቁ ጎረቤቱን ጠርቶ «እስቲ ድገምለት» አለኝ።

ከዚያ ወዲህ ያልሞከርኩት የለም። ታች የሚሠራውን ሕንፃ ዘበኛ ለምኜ አሸዋ አመጣሁ። እርጥብ ስለነበር ከእግሯ ጋር እየተጣበቀ አልጋዬ ውስጥ ገባ፤ ሥራ ቦታ ሰጋቱራ ስጠርግ ውዬ ቤቴ ደግሞ አሸዋ እጠርጋለሁ። እማዬ «አመድ እያለ ምን ያንከራትትሃል?» አለችኝ። እውነቷን ነው ብዬ ከዳቦ ጋጋሪው አመድ ተሸክሜ መጣሁ። ሽታውን ድራሹን አጠፋው። ግን ሲረጥብ መዳፏን ላጠው፣ መዳፏን ስትልስ አፏ ቆሰለ፣ ምግብ እንቢ አለች። እማዬ እንደ ሕፃን አቅፋት «ልጅቷን ገደልናት» እያለች አለቀሰች። እኔም አብሬ ላለቅስ ምንም አልቀረኝ።

አናጺ ሆኜ ሰጋቱራ ትዝ ያለኝ ከዚህ ሁሉ በኋላ ነው፤ ያው የእኔን ነገር ታውቂው የለ። ከማሽኑ ሥር ዝቄ በጆንያ ይዤ ገባሁ። ለካ ያን ቀን የሰነጠቅነው እንጨት የምስጥ መድኃኒት የጠጣ ኖሯል። እሜቴ ታስነጥሳለች፣ እማዬ ትስላለች። አለቃዬ ሲሰማ «ሰው እናቱ ቤት መርዝ ይዞ ይገባል?» ብሎ ሙልጭ አድርጎ ሰደበኝ፤ ከዚያ ራሱ ምንም ያልነካው ነጭ እንጨት መርጦ ፍቅፋቂውን ሞላልኝ። እሜቴ ወደደችው። የእማዬ ሳል ግን ብናኙን አልቻለውም።

በመጨረሻ የገላገለን አሮጌ ጋዜጣ ነው። እየቀደዱ ሣጥኑ ውስጥ መከመር፣ ሲረጥብ ጥሎ ሌላ መተካት፣ በቃ። እኔ ስቀደው የእማዬ ዓይን አልቻለም፤ «አንተ ጨርቅ እንዲህ ብታበላሽብኝ አባርርህ ነበር» ብላ ከእጄ ነጠቀችኝ። ብታዪያት እታለም! ጫፉን በጥርሷ ነከስ ታደርግና ሽርር ታደርገዋለች፤ ሁሉም እኩል፣ ሁሉም ቀጥ ያለ። መርፌ ላይ ክር ማስገባት አቅቷት የስፌት መኪናዋን ካስሸፈነችን ወዲህ እጇ እንዲህ ሲሠራ አይቼ አላውቅም። ከሥራ ስመለስ ሳሎኑ ወረቀት በወረቀት ሆኖ እሷ መሀሉ ተቀምጣ «ትዕዛዝ በዝቶብኛል፣ አታስወራኝ» ትለኛለች። የቀደደችውን እሜቴ በዓመትም አትጨርሰው። ቢሆንም ስትቀድ ትረጋጋለች፣ በር በር አትልም።

ይኸውልሽ፣ አሁን ወደ ዋናው ነገር መጣሁ። ባለፈው ሳምንት ጋዜጣው ማለቁን ሳላይ ሥራ ገባሁ። እማዬ ባልዲ አንጠልጥላ አፈር ልታመጣ ወጣች። ከየት መሰለሽ? ከድሮው ቤት ጓሮ። ያን ትልቅ መንገድ እንዴት እንደተሻገረችው ፈጣሪ ይወቅ። ቤቱን የገዙን ሰዎች አበባ ተክለውበታል፤ እሱን እየነቀለች ስትቆፍር ደረሱባት። ደግ ሰዎች ናቸው፣ ወንበር ሰጥተው ደወሉልኝ። እየሮጥኩ ስደርስ ባልዲውን እንዳቀፈች ቀና ብላ አየችኝና «አትቆጡኝ፣ ልጄ ከሥራ ሲመጣ ያስረዳችኋል» አለችኝ። ለእኔ ነው የምትለው።

ከዚያ ቀን ጀምሮ ስወጣ በሩን ከውጭ እቆልፋለሁ። እናቴን እቆልፍባታለሁ። ስጽፈው እንኳ አፍራለሁ። ጎረቤታችን ነርሷ ቁልፍ ይዛ ለምሳ ስትመጣ ታያታለች፣ እግዜር ይስጣት፣ ግን እሷም የራሷ ኑሮ አላት። አንቺ ድመቷ የከበደችኝ መስሎሻል። እሜቴን ብሰጣት እማዬ ጠዋት ለማን ብላ ትነሳለች? ምን ስትቀድ ትውላለች? ድመቷን አልሰጥም፣ ቁርጡን እወቂው። ያቃተኝ ሌላው ነው፤ እሱን ብቻዬን አልቻልኩትም እታለም። ገንዘብ አይደለም የምልሽ። ነይ ነው የምልሽ።

ለባለቤትሽ የአክብሮት ሰላምታዬን አቅርቢልኝ። ትልቋን ሳሚልኝ፤ ያ ተንኮለኛው ትንሹን ጆሮውን ቆንጠጥ አድርጊና አጎትህ ነው በዪው። ነርሷ ሰላም ብላሻለች። አለቃዬም ሰላም በልልኝ ብሏል፣ ለአንቺ የሠራውን ቁም ሣጥን እስከ ዛሬ ያወራዋል። እሜቴ ወረቀቷ ላይ ተኝታለች።

እማዬን ምን ልጻፍላት ብዬ ስጠይቃት «ለማን?» አለችኝ። ለልጅሽ ብላት፣ ስምሽን ብጠራላት፣ ወረቀቷን መቅደዷን ቀጠለች። ድመቷን ለተወችልን ስላት ግን ፊቷ በራ። ያለችውን እንዳለ ጻፍኩልሽ፤ «ደህና ናት በላት። የሰው አደራ በልቼ አላውቅም፤ መጥታ ትረከበኝ። ሰሞኑን ነገር እየጠፋኝ ነው፣ ይህችም ሳትጠፋኝ ቶሎ ትምጣ በላት።»

ወንድምሽ
ከሦስተኛው ፎቅ ቤታችን፣ ጥር ፲፩ ቀን