የዘሪቱ ወንፊት

ኤን ጋኒም፣ ፔታህ ትክቫ
የሲግድ በዓላችን በዋለ በሳምንቱ፣ በዚህ አገር አቆጣጠር 1986

ውድ አባ ሙሉሰው፣

ሰላምታ የለም። «ከሦስት መስመር በላይ ሰላምታ የሚጽፍ ሰው የሚናገረው የለውም» ብለው ያስተማሩኝ እርስዎ ስለሆኑ ሦስቱንም መስመር መርቄልዎታለሁ። «ደህና ነኝ»ም አልልም። ደህና መሆኔን ከፈለጉ ከታች ፈልገው ያግኙት።

ይህን የምታነቢላቸው ደባሽ፣ አንቺን ደግሞ አደራ። አባትሽ ዓይናቸውን ሞራ ጋርዶት የሰው ንባብ ጠባቂ ቢሆኑም ጆሯቸው አልደከመም። አንድ ቃል ብትዘልዪ ያውቁብሻል። እሳቸውን ያማሁበት ቦታ ላይ ስትደርሺ ድምፅሽን ዝቅ አታድርጊ፤ እንዲያውም ከፍ አድርጊው።

አባ ሙሉሰው፣ ከጎንደር ደብዳቤ መጥቶልኛል። ከእናቴ ነው። አሁን «ምን አለች?» ብለው ከወንበርዎ ብድግ እንደሚሉ አውቃለሁ፤ ይቀመጡ። «ወሬሽን በር ላይ አትጨርሺ፤ እንግዳው ሳይቀመጥ ይሄዳል» ይሉኝ አልነበር? እኔም በር ላይ አልጨርስም።

የተገናኘንበትን ቀን ያስታውሱታል? እኔ ከሥራ የምባረር መስሎኝ ስለነበር አልረሳውም። ሰጉላ በተባለው የፋብሪካ ሰፈር፣ እኔ የማጸዳው፣ እርስዎ የሚጠብቁት፣ የሚሸጥ በር የሚከማችበት መጋዘን ውስጥ ነው። በመጀመሪያው አውቶቡስ ስደርስ ሥራ አስኪያጁ ሽሙኤል የዘበኞቹን መዝገብ ይዞ በር ላይ ቆሞ ጠበቀኝ። ከእርስዎ በፊት የነበሩት ዘበኞች በየቀኑ የሚጽፉት ሁለት ቃል ብቻ ነበር፤ «ሀኮል በሰደር»፣ ሁሉ ደህና። እርስዎ በአንድ ሳምንት አሥራ አንድ ገጽ በአማርኛ ሞልተዋል።

«ይሄ ሁሉ ምንድን ነው?» አለኝ ሽሙኤል። «ሌባ ገብቶ ነበር እንዴ? ያላ፣ አንብቢልኝ!»

ገና ሦስት ወር በሞላው ዕብራይስጤ እየተንተባተብኩ አነበብኩለት። «ፀሐይ ስትጠልቅ አንዲት ድመት መጣች። አንድ ጆሮ የላትም። ለቅሶ ልትደርስ መጥታ ቤቱ የጠፋባት ሴት ትመስላለች። ዳቦ ብሰጣት አሽትታ ተወችው። ዳቦው የዚህ አገር ዳቦ ስለሆነ አልፈርድባትም።»

«ከዚያስ?» አለ ሽሙኤል።

«ድመቷ ሄደች።»

«ከዚያስ?»

«ከዚያ በሮቹን አዩዋቸው። ‹አራት መቶ በር ባለበት ቤት አንድም የሚያስገባ በር የለም› ይላል።»

ሽሙኤል መዝገቡን ገልብጦ አየው። በኋላ፣ «ታዲያ በሰደር ነው ወይስ በሰደር አይደለም?» አለ። በሰደር ነው አልኩት። «በሰደር ከሆነ ለምን በሰደር ብለው አይጽፉም?»

ይህንኑ ጥያቄ ይዤ ወደ እርስዎ መጣሁ። ጋቢዎን እያጣጠፉ እንዲህ አሉኝ፤ «ልጄ፣ በሰደር ብሎ የጻፈ ሰው ምንም አልጻፈም። ሌባውም እኮ መዝገቡን ቢያገኘው በሰደር ብሎ ነው የሚጽፍበት።»

ቀጥለውም ዘበኝነቱ ለእንጀራ ብቻ እንደሆነ፣ ሥራዎ ግን መጽሐፍ መጻፍ እንደሆነ ነገሩኝ። ያን የሰባት ደብተር ታሪክዎን ሰጡኝ። ሰባት ማለቴ ስድስት፤ ሦስተኛው ሱዳን ቀርቷል። እኔም ታሪኩን አንብቤ ስመልስ፣ «አባ፣ ይህ ሰውዬ ሁለተኛው ደብተር ላይ ሚስት የለውም፤ አራተኛው ላይ ሦስት ልጆች አሉት። ሚስቱ የታለች?» አልኩዎት።

«ሱዳን ቀርታለች» አሉኝ። ከዚያ ዓይንዎን አጥብበው አዩኝና፣ «ስንት ሰው አነበበው፤ ሚስቱን የጠየቀ ግን አንድም የለም። አንቺ መጻፍ አለብሽ» አሉኝ። እኔ መጥረጊያ ይዣለሁ፤ እርስዎ መጻፍ አለብሽ ይሉኛል። እውነቱን ልናገርና፣ ያን ቀን አእምሮዎ ትንሽ የተነካ መስሎኝ ነበር።

ዓርብ ዓርብ ከሥራ መልስ፣ ከሕንፃችን በታች ልብስ ማስጫው አጠገብ ያለችውን አግዳሚ ወንበር ቢሮ አደረግናት። አገር ቤት ዘመድ የቀረባቸው የሰፈሩ ሴቶች ይመጣሉ፤ እርስዎ ይናገራሉ፤ ዓይንዎ ስለደከመ እኔ እጽፋለሁ። ደብዳቤው በአውሮፓ ዞሮ ነው ጎንደር የሚገባው። መጀመሪያ ዝናብ የጣለ ሰሞን ከሴቶቹ አንዷ ለሆነችው ለእማዋይሽ ብቻዬን እንድጽፍላት ፈቀዱልኝ። ጻፍኩ። «ዝናቡ መስኮቴን ሲመታው የእናንተ ኮቴ እየመሰለኝ በሩን እከፍታለሁ፤ ደጁ ላይ ግን የቆመው ዝናብ ብቻ ነው።» ሳነብላት እማዋይሽ ወረቀቱን በእንባ አራሰችውና እንደገና መገልበጥ ነበረብኝ።

ዝናዬ በሁለት ቀን ኔቬ ኦዝ የሚባለው ሰፈር ደረሰ። በሳምንቱ ሦስት የእማዋይሽ አገር ልጆች መጡ። «እንደ እማዋይሽ ያለውን ጻፊልን» አሉኝ። እኔም እንደ እማዋይሽ ያለውን ሳይሆን ራሱን የእማዋይሽን ጻፍኩላቸው። ስም ብቻ ነው የለወጥኩት። ለእርስዎ አልነገርኩም።

አራቱም ደብዳቤ አንድ መንደር፣ አንድ ቀን ይደርሳሉ ብዬ መቼ አሰብኩ! በመንደሩ ፊደል የሚያነብላቸው ታረቀ ደግሞ ሰው ሁሉ በተሰበሰበበት አነበባቸው። መጀመሪያው ሲነበብ መንደሩ አለቀሰ። ሁለተኛው ሲነበብ ጥቂት ሰው አለቀሰ። በሦስተኛው እርስ በርስ ተያዩ። ታረቀ አራተኛውን ሲከፍት አንድ ሽማግሌ ከኋላ ሆነው፣ «ዝናቡ መጣ፤ ተጠለሉ» አሉ።

መልሱ የደረሰን ከፋሲካ በፊት ነው። «አራታችሁም አንድ በር ላይ ነው ወይ የምትኖሩት? ያ መንግሥት ቤት አልሰጣችሁም? ጣራውስ ምነው እንዲህ አፈሰሰ? ክዳን የሚያውቅ ሰው እንላክላችሁ?» ይላል። እማዋይሽ ደብዳቤውን እያርገበገበች ደረጃውን ስትወርድ ዛሬም ይታየኛል።

«የኔን ዝናብ ለሰው ሁሉ አዘነብሽው!» አለችኝ። «እኔ ያለቀስኩበትን ለአራት ታካፍይዋለሽ? ይሄ እንጀራ ነው?»

እርስዎ የልብስ ገመዱን ይዘው እስኪንጠለጠሉ ድረስ ሳቁ። የሰው ሸሚዝ ከነመቆንጠጫው ጣሉ። እኔ አለቀስኩ። ስቀው ሲጨርሱ ግን ፊትዎ ተለወጠ።

«ፋንትነሽ፣ ያ ዝናብ የእማዋይሽም አልነበረም። እማዋይሽ ዝናብ ስትሰማ በር አትከፍትም፤ ልብስ ታስገባለች። እሷ ምን ነግራሽ ነበር?»

«ሐኪም ቤት ያለው ሊፍት ውስጥ ዓይኗን ጨፍና እንደምትገባ። ሲከፈት አገሯ ላይ እንዳይሆን ትፈራለች፤ አገሯ ላይ ሳይሆን ሲቀር ደግሞ ይከፋታል።»

«እሱን ለምን አልጻፍሽውም?»

«አያምርም ብዬ ነዋ።»

«አያምርም!» አሉና የወደቀውን ሸሚዝ አነሱ። ትንሽ ቆይተው፣ «ለመሆኑ አንቺስ ለማን ጽፈሻል?» አሉኝ። እኔ የወደቀውን መቆንጠጫ መልቀም ጀመርኩ። ለሰፈሩ ሁሉ እየጻፍኩ ለእናቴ አንድ መስመር አለመጻፌን ያኔ አወቁ።

በሰንበቱ አክስቴን ሊጠይቁ ቤታችን መጡና ግድግዳው ላይ የተሰቀለውን ወንፊት አዩት። ወይም ዳሰሱት። «ይህ ለምን ተሰቀለ? ዱቄት አትነፉበትም?» አሉ። አክስቴ ወደኔ አየች። እኔም ለማንም ያልነገርኩትን ነገርኩዎት። ወደ ሱዳን የተነሳን ዕለት ወሬው እንዳይወጣ ለማንም አትንገሩ ተባልን። እናቴ አያቴን ታስታምም ነበርና አትመጣም፤ ብነግራትም አትለቀኝም። የጎረቤታችን የዘሪቱ ወንፊት እኛ ዘንድ ነበር። «ወንፊቱን ለዘሪቱ መልሼ መጣሁ» አልኳት። «ቶሎ ነይ» አለችኝ። እኔ ግን ከነወንፊቱ ሄድኩ። ከዚያ ወዲህ እናቴ የምታውቀው የመጨረሻ ቃሌ ውሸት ነው። ይቅር አትለኝም ብዬ ፈራሁ። ብዕር ባነሳሁ ቁጥር «ቶሎ ነይ» ያለችው ድምፅ ይመጣብኛል።

«ነገ ጽፈሽ ታመጪያለሽ» አሉኝ። እርስዎ እንደሆነ ርኅራኄ የሚባል አያውቁም።

የመጀመሪያውን ሳነብልዎ «የፍቅርሽ ፀሐይ፣ የምክርሽ ጨረቃ» የሚለው ላይ አስቆሙኝ። «እናትሽ ጠቅላላ ሰማዩን ይዛዋለች እንዴ? ዝቅ አድርጊያት፤ ይደክማታል» አሉ። ሁለተኛው ስለ አባቶቻችን የኢየሩሳሌም ናፍቆት ነበር፤ አራት ገጽ። «ይህን ለመንግሥት ላኪው። እናትሽ ማኅተም የላትም» ብለው መለሱልኝ። በሦስተኛው ተናደድኩ። «ታዲያ ምን ልጻፍ?» ብዬ ጮኽኩብዎት። ይቅርታ ያድርጉልኝ፣ በሽማግሌ ላይ የጮኽኩት ያን ቀን ብቻ ነው።

«ዋሽተሻታል» አሉኝ። «የዋሸሽበትም ዕቃ ግድግዳሽ ላይ ተሰቅሏል። እሱን ጻፊ። ወንፊት እያለሽ ምርቱን ከነግርዱ ለእናት ትልኪያለሽ?»

አንድ ገጽ ብቻ ሆነ። «እማ፣ የዘሪቱን ወንፊት አልመለስኩትም። ፀሐይ ሲበረታ ራሴ ላይ ደፋሁት። ሱዳን ስንደርስ ሰፈሩ ሁሉ ተዋሰኝ፤ በየድንኳኑ ፍለጋ ስዞር ነበር የምውለው። አውሮፕላን ስንገባ ጣይው ሲሉኝ አቀፍኩት። አሁን ፔታህ ትክቫ ግድግዳ ላይ አለ። ከዋሸሁሽ ወዲህ አንድ ቀን አልነፋሁበትም። ይቅር በይኝ።»

አንብቤ ስጨርስ በጋቢዎ ጫፍ አፍንጫዎን ጠረጉና «ጉንፋን ነው» አሉ። በዚያ ሙቀት! ቀድጄ እንደምጥለው ስለጠረጠሩ ደብዳቤውን ከእጄ ነጥቀው ራስዎ ፖስታ ሊያስገቡት ሄዱ። የምኩራቡ ምጽዋት ሳጥን ውስጥ ሊከቱት ሲሉ አንዲት መንገደኛ ደርሳ ክንድዎን ይዛ ወደ ፖስታ ሳጥኑ እንደወሰደችዎ እስከ ዛሬ አልነገሩኝም፤ መንገደኛዋ ግን እማዋይሽ ነበረች። እንደታረቅን በዚያው ይወቁልኝ። በክረምቱ እርስዎ ቤር ሸቫ ደባሽ ዘንድ ሄዱ፤ እኔም የፖስታ ሳጥን መክፈት ልማድ ሆነብኝ።

ሽሙኤል ስለእርስዎ ይጠይቀኛል። አዲሱ ዘበኛ በሰደር ብቻ ስለሚጽፍ ያቺ ድመት ትምጣ አትምጣ ማወቅ አልቻለም። ከፍቶታል።

አሁን ተቀምጠዋል፤ ወደ ደብዳቤው ልግባ። የጻፈው ያው ታረቀ ነው፤ ለጎረቤቱ ለእኛም መንደር የሚጽፈው እሱ ነው። «ለከበረው ጤናሽ እንደምን ሰነበትሽ? እኛ አምላከ እስራኤል ይመስገን ከናፍቆትሽ በቀር ደህና ነን» ብሎ ይጀምርና ገጽ ተኩል ሙሉ አይመለስም። አያትሽ ደህና ናት። አጎትሽ ደህና ነው። የአጎትሽ ልጆች በየስማቸው ደህና ናቸው። ላሟ ደህና ናት። ሃያ ሦስት ጊዜ ደህና አለ። እርስዎ ቢሆኑ ወረቀቱን ይቀድዱት ነበር። ግን አባ፣ እዚህ ላይ ብቻ ልሟገትዎ። እኔ ሃያ ሦስቱንም አንድ በአንድ አነበብኳቸው፤ ደግሜም አነበብኳቸው። አያቴን ሞታለች ብዬ በልቤ ቀብሬያት ነበር። አንዳንድ ጊዜ በሰደር ማለት ብዙ ነገር ነው።

ከታች ታረቀ፣ «ከዚህ በኋላ ያለውን እናትሽ ‹ቃል እንዳትለውጥ› ብላ አጠገቤ ቆማ ያስጻፈችኝ ነው» ይላል። እንደወረደ እገለብጥልዎታለሁ።

«ፋንትነሽ፣ ወንፊት ግድግዳ ላይ መስቀል ማን አስተማረሽ? ያልነፉበት ወንፊት ደርቆ ይበጣጠሳል። አውርጂውና ንፊበት። ዘሪቱ በየሳምንቱ እየመጣች ‹ወንፊቴስ?› ትለኛለች። እኔም ‹ነገ ትመልስልሻለች› እላታለሁ። እሷም እንደማትመልሺው ታውቃለች፤ ስምሽን ልታነሳልኝ ብላ ነው የምትጠይቀኝ። አንቺ አንድ ቀን ዋሸሽ። እኔ ይኸው ሦስት ዓመት ሊሞላኝ ነው። ከሁለታችን ማን ማንን ይቅር ይበል?»

ደባሽ፣ እዚህ ላይ ቆም በይና ፊታቸውን እይልኝ። ጉንፋን ነው ካሉሽ እሺ በያቸው።

አባ ሙሉሰው፣ በሐኑካ በዓል ቤር ሸቫ እመጣለሁ። አዲስ ደብተር ገዝቻለሁ። እርስዎ ይናገራሉ፣ እኔ እጽፋለሁ፤ ያቺን ሱዳን የቀረች ሚስት አምጥተን ሰውዬውን በወግ እንድረዋለን። ወንፊቱን ዛሬ ጠዋት ከግድግዳው አወረድኩት። እናቴ እንዳለችው ዳር ዳሩ ደርቆ ሁለት ቦታ ተበጥሷል፤ አክስቴም ወለሉ ዱቄት ሆነ ብላ ተቆጣችኝ። የሰንበቱን ዳቦ ግን በእሱ ነፍቼ አቡክቻለሁ።

ዘሪቱ የምትጠይቃት፣
ፋንትነሽ