ከድጋሚ እትሙ የወደቀው ገጽ

ማክ. ማርች 4፣ ከጠዋቱ 12፡10

አውቶቡስ ውስጥ ነኝ፣ ከኬንት ወደ ሶዶ (የአገር ቤቱ ሳይሆን የዚህ የባሕር ማዶው ሶዶ)፣ ወደምሠራበት መጋዘን። መንገዱ እያንገጫገጨኝ ነውና ጽሕፈቴን ታገሰኝ፣ ደብተሬ። ሁዳዴ ከገባ ሁለተኛ ቀኑ። አባባ ትናንት ራት አልበሉም። በጾሙ ምክንያት አይደለም፤ በመጽሐፉ ነው።

ስለ ገበጣና ስለ መሰል ጨዋታዎች የተጻፈ የድሮ መጽሐፍ ነው፤ በቅርቡ እንደገና ታተመ። ትናንት በፖስታ ደረሰ። ደስ ይላቸዋል ብዬ በሁለት እጄ ሰጠኋቸው። ሽፋኑን ዳሰሱ። ፊት ላይ የጻፈው ፈረንጅ ሰዎችን የሚያመሰግንበት ገጽ አለ፣ እሱን አንብቢልኝ አሉ። ፈለግኩ። የለም። ከሽፋኑ ቀጥሎ ምዕራፍ አንድ። «ይሄ እሱ አይደለም» ብለው መለሱልኝ።

አባባ ወጣት ሳሉ ቡታጅራ አንድ ፈረንጅ መጥቶ የገበጣን ሕግ ይመዘግብ ነበር። አስተርጓሚው እሳቸው። «ወልዴ ተብሎ ስሜ መጽሐፍ ላይ አለ» ሲሉ እየሰማን ነው ያደግነው። ያየው የለም። እናቴ፣ ነፍሷን ይማረውና፣ ይህን ሲሉ ተነስታ ትወጣ ነበር። ሰልችቷት ይመስለኝ ነበር።

ደረስኩ።

ቅዳ. ማርች 8

ቡሪየን፣ ሐጂ ኑረዲን ሱቅ። ሐጂ የአገራችን ሰው ናቸው፤ ቅመምና የስልክ ካርድ ይሸጣሉ። ቅዳሜ ቅዳሜ ከአባባ ጋር ገበጣ ይጫወታሉ። አባባ ጠጠሩን በጣት ነው የሚቆጥሩት፤ የዓይናቸው ግላኮማ ብሷል።

ዛሬ በአንድ ሕግ ተከራከሩ። አባባ «መጽሐፍ ላይ በስሜ ያለ ነው!» አሉ። ሩዝ ሊገዛ የገባ አንድ ታክሲ ነጂ፣ እስቲ መጽሐፉ ይምጣ አለ። ሞኝነቴ! መኪናው ውስጥ ነበር፣ አመጣሁት። ገለበጠ፣ ገለበጠ፣ ሳቀ። «ፋዘር፣ የሉበትም እኮ!»

ሐጂ አልሳቁም። «መጽሐፍ በተገለበጠ ቁጥር የሚወድቅ ነገር አይጠፋም» አሉት። አባባ ግን በእጃቸው የነበረውን ጠጠር አስቀመጡ። ጨዋታው እንደተጀመረ ቀረ።

ማክ. ማርች 11፣ የምሳ ሰዓት

ዳውንታውን ያለችውን የአሮጌ መጻሕፍት ሻጭ ኮል አደረግኩ። ደግ ሴትዮ። ድጋሚ እትሙ ከዋናው ላይ ፎቶ ተነስቶ ነው የታተመው፤ ወጪ ለመቀነስ የፊት ገጾቹንና ሥዕሎቹን አስቀርተዋል አለች። ዋናው ሌላ ከተማ አንድ ሰው ጋ አለ። ዋጋው... አልጽፈውም። ለመጫወት ከሆነ አዲሱ ይበቃሻል፣ ሕጉ ያው ነው፤ ዋናውን የሚገዙት ወረቀቱን የሚወዱ ናቸው አለች። እኔ የምፈልገው አንድ ገጽ ነው። ፎቶ ኮፒስ? ባለቤቱ እምቢ ብሏል፣ ጥራዙ ይሰነጠቃል። ከደረሰሽ በኋላ ካልወደድሽው በአሥር ቀን ውስጥ መመለስ ትችያለሽ አለች። አስባለሁ አልኳት።

ዓር. ማርች 14

የዓይን ክሊኒክ። ሐኪሙ፣ የቀራቸው ብርሃን ብዙ አይቆይም አለ። ስተረጉም አለዘብኩት። አባባ ፈገግ አሉ። «ሰምቻለሁ» አሉ። ለካ እንግሊዝኛቸው አልጠፋም።

እዚያው ካለው ስልክ ደወልኩ። ዋናውን ኦርደር አደረግኩ።

ቅዳ. ማርች 22

መጣ። መኪና ውስጥ ሆኜ ብቻዬን ከፈትኩት። ገጹ አለ።

ስሙ ወልዴ አይደለም። ደምሴ ነው።

አጎቴ ደምሴ፣ የአባባ ታላቅ ወንድም። እኔ ስምንት ዓመቴ ሳለ ከገበያ መሐል ወሰዱት፤ አልተመለሰም። ከዚያ ወዲህ ስሙ በቤታችን ተጠርቶ አያውቅም። ፈረንጁ፣ ይህን ጨዋታ ያስተማረኝ ደምሴ ነው፣ ትዕግሥቱን አልረሳም ይላል። የአባባ ስም የትም የለም። ሦስቴ ፈለግኩ።

አባቴ ውሸታም ነው። ይኸው፣ ጻፍኩት።

ልመልሰው? አዲሱ እትም ይበቃናል። እሱ ውስጥ ማንም የለም፣ ማንም አያፍርም። ወይስ ገጹን ከፍቼ «ወልዴ» ብዬ ላንብብላቸው? ማን ያያል።

እሑድ ማርች 23

ከቤተ ክርስቲያን መልስ። አጠገባቸው ተቀመጥኩ። «ወልዴ» ልል አፌን ስከፍት ቀደሙኝ።

«ደምሴ ይላል፣ አይደል?»

«ይላል፣ አባባ።»

ከዚያ ነገሩኝ። ደምሴ ከተወሰደ በኋላ አንድ ሹም፣ ፈረንጁን ያስተማረው ማነው ብሎ ጠየቃቸው። ደምሴ ቢሉ የማን ወንድም እንደሆኑ ሊታወቅ ነው። እኔ ነኝ አሉ። «መጀመሪያ ፈርቼ ነው» አሉኝ። «ኋላ ግን ጣፈጠኝ።»

እናቴ ለምን ትወጣ እንደነበር ገባኝ።

ታዲያ ገጹን ለምን ፈለጉት? ብዬ ተቆጣሁ። አባቴን ስቆጣ የመጀመሪያዬ ነው። «ዓይኔ ሳይጠፋ ስሙን አንድ ጊዜ ላየው ብዬ» አሉ።

መስኮቱ ጋ ወሰድኳቸው። በአጉሊ መነጽር፣ ፊደል በፊደል። የመጨረሻው ፊደል ላይ ሲደርሱ እንደገና ከመጀመሪያው ጀመሩ። አለቀሱ። እኔም። ንዴቴ ግን አልለቀቀኝም፣ አልዋሽህም።

ቅዳ. ማርች 29

ሐጂ ሱቅ ውሰጂኝ ያሉት ራሳቸው ናቸው። መጽሐፉን በፌስታል ይዘዋል። ታክሲ ነጂውም ነበር። አባባ አልተቀመጡም።

«ሕጉ የወንድሜ የደምሴ ነው፣ ተወስዶ የቀረው። እኔ እሱ ያለውን አስተረጎምኩ እንጂ ያስተማርኩት የለም። ይህን ሁሉ ዘመን ዋሽቻችኋለሁ።»

ታክሲ ነጂው ኮፍያውን አወለቀ። ሐጂ ከባንኮኒው ጀርባ ወጡ።

«አላህ ይዘንለት። ለቅሶውን መቼ ተቀመጡ?»

«አልተቀመጥንም። ያኔ ተከልክሎ ነበር።»

«እስከ ዛሬ?»

«እስከ ዛሬ።»

ሐጂ የሱቁን በር ዘጉና አባባን አቀፏቸው። ሁለት ሽማግሌዎች፣ በምስርና በሩዝ ጆንያ መሐል። እኔ ዓይኔን መሬት ላይ ተከልኩ።

ሰኞ ማርች 31

መመለሻው ቀን ነገ ያልቃል። ለሻጯ ደወልኩ፤ አልመልሰውም አልኳት። ወረቀቱን ወደድሽው? አለች። አዎ አልኩ። ሌላ ምን ልበላት።

ለቅሶው ቅዳሜ ነው፣ እኛ ቤት። ቄሱ እመጣለሁ ብለዋል። ወንበር ሐጂ ያመጣሉ፤ ታክሲ ነጂው ሰው ሊያመላልስ ነው። መጽሐፉ ጠረጴዛ ላይ ይቀመጣል፣ በዚያ ገጽ ተከፍቶ። አባባ ጥቁር ሱፌን አውጪልኝ አሉ።

አትላንታ ላለው ታናሽ ወንድሜ ኮል አደረግኩ። ለቅሶ ስለው ደነገጠ። አባባ ናቸው? አይደሉም፤ አጎታችን ደምሴ። ስሙን ከሰማው ስንት ዘመኑ።

መቼ ሞተ? አለኝ።

ለእኛ ዛሬ ነው አልኩት።