በምሳ ሰዓት የሚከፈተው ሳጥን

የካቲት 9፣ ሰኞ

ዛሬም ጥንዚዛ ቆጠርኩ። ሰው በሃምሳ ዓመቱ ምን ሠራህ ሲሉት ቤት ይላል፣ ልጅ ይላል። እኔ... ሦስት መቶ አሥራ ሁለት እንቁላል። ከምስር ፍሬ እምብዛም የማትበልጥ፣ ቀይ ጀርባዋ ላይ ጥቁር ነጠብጣብ ያላት ፍጥረት ታስተዳድረኝ ከጀመረች ሃያ ሁለት ዓመት ሞላት።

ቆጠራው ግን ጥሩ ነው። ማሞቂያው ሳጥን ሠላሳ አምስት ዲግሪ ላይ ነው። በዚህ ሙቀት እንቁላሏ ይበስላል እንጂ አይፈለፈልም። አምና በአሮጌው ክፍል አንድም አልተፈለፈለም። ወደዚህኛው ከተዛወርን ወዲህ ግን ከመቶው አርባ ስምንቱ ይፈለፈላል። አምስት ወር፣ አምስት ትውልድ! ሙቀት የለመደ ዘር አወጣሁ ማለት ነው። ማን? እኔ። መስኮት ተከፈተ ተዘጋ ብዬ ቤት የማምሰው ሰውዬ።

የምርምር ማዕከላችን ኃላፊ ትከሻዬን ቸብ ቸብ አደረገኝ። አብረን ነው የተማርነው፤ እሱ ወደ ላይ ወጣ፣ እኔ ማይክሮስኮፕ ላይ አጎነበስኩ። "የክፍሉ አስተባባሪነት ያንተ ነው፣ ጨርሰሃል" አለኝ። ታች ቆላው ሜዳ ላይ ላሉት ጎመን አብቃዮችም ሃያ ሺህ ጥንዚዛ ይላክላችኋል ብሎ ቃል ገብቷል። ጥንዚዛዋ ጎመኑን የሚመጥጠውን ክሽክሽ የሚሉትን ተባይ ትበላለች፣ እነሱም መድኃኒት መርጨቱን ይተዋሉ።

ለባለቤቴ ነገርኳት። ፋርማሲስት ናት፤ ወሬም በሚዛን ነው የምትቀበለው። "ጥንዚዛ በአምስት ወር ተለወጠች? እኔ አንተን ሃያ ዓመት ሞክሬ አልተሳካልኝም" አለች።

የካቲት 12፣ ሐሙስ

ግራፉን ሠራሁ። ያምራል። የሙቀት መዝጋቢው ላይ ቀትር በደረሰ ቁጥር መስመሩ ዝቅ ይልና ይመለሳል፤ የመጋዝ ጥርስ ይመስላል። አስቀያሚ። አጠፋኋቸው። የመሣሪያ ስህተት ነው፤ መብራት ይቆራረጣል አይደል? በየቀኑ በአንድ ሰዓት? እሁድ ሲሆን ደግሞ የማይቆራረጥ?... መብራትም ሰንበት ያከብራል ማለት ነው። ምን አገባኝ።

መስመሩ አሁን ቀጥ ብሏል። እንደ እኔ ዓይነት ምሁር ሲኖር ተፈጥሮ ራሷ ትስተካከላለች።

የካቲት 20፣ አርብ

ምነው መነጽሬን ባልረሳሁ!

ስድስት ሰዓት ሲሆን ከወንበሬ ተስፈንጥሬ ነው የምወጣው። በምሳ ሰዓት ላቦራቶሪ ውስጥ ታይቼ አላውቅም። ዛሬ ምግብ ቤት ደርሼ የምግብ ዝርዝሩን ማንበብ ቢያቅተኝ ተመለስኩ። በሩ ገርበብ ብሏል። እትዬ አሉ። የጽዳት ሠራተኛችን ናቸው፤ ለጥንዚዛዎቹም ክሽክሽ የሚያቀርቡላቸው እሳቸው። የማሞቂያውን ሳጥን ብርግድ አድርገው ከፍተው በርጩማ ላይ ቁጭ ብለዋል። በእጃቸው የእኔ የዓመት ሪፖርት። እያነበቡት አይደለም፤ እያራገቡበት ነው።

"ምን እያደረጉ ነው እትዬ?"

"አየር እየሰጠኋቸው ነዋ፣ ዶክተር።"

"በየቀኑ?"

"ከእሁድ በቀር። እሁድ ማን በር ይከፍትልኛል? አሮጌው ክፍልማ በምሳ ሰዓት ሁሌ ይቆለፍ ነበር።"

ተቀመጥኩ... ወለሉ ላይ። እሳቸው ማራገባቸውን አላቋረጡም።

"ወጣት ሆኜ ጫጩት ማስፈልፈያ ሠርቻለሁ" አሉኝ። "ዶሮ እንኳ በቀን አንዴ ከእንቁላሏ ላይ ትነሳለች። ለሷ እህል፣ ለእንቁላሉ አየር። እናንተ ግን እንደ ዳቦ ጥርቅም አድርጋችሁባቸው ትሄዳላችሁ። አላስቻለኝም።"

"ለምን አልነገሩኝም?"

"ማን ጠየቀኝ?"

እውነት ማን ጠየቃቸው? ዘጠኝ ዓመት አብረን ስንሠራ ከ"ደህና አደሩ" ሌላ ምን ብያቸው አውቃለሁ? ዶክተር ይሉኛል። አይደለሁም። ጀምሬው ነበር፤ አልጨረስኩትም። ዘጠኝ ዓመት ሙሉ አላረምኳቸውም። ጆሮዬን ደስ ይለው ነበር።

ከሰዓት በኋላ ያጠፋኋቸውን ጥርሶች መልሼ አወጣሁ። ያልተፈለፈሉትን እንቁላሎች ከተጣሉበት ቀን ጋር አስተያየሁ። አንዲት እንቁላል ለመፈልፈል ሦስት ቀን ትፈልጋለች። ከሦስቱ አንዱ እሁድ የሆነባት ሁሉ... ሞታለች። አንዷም አልተረፈች።

ሙቀት የለመደ ዘር የለም። ያሉት እትዬ ናቸው።

የካቲት 21፣ ቅዳሜ

አሞኛል ብዬ ቀረሁ። ምንም አላመመኝም።

የካቲት 23፣ ሰኞ

ለኃላፊው ነገርኩት። ተነስቶ በሩን ዘጋ።

"ማን ያውቃል?"

"አንተ፣ እኔ፣ እትዬ። ጥንዚዛዎቹ።"

"ጥንዚዛዎቹ አይናገሩም።" ብዕሩን አሽከረከረ። "ሐሙስ የአብቃዮቹ ተወካይ ትመጣለች። ወይ ጥናቱን እንዳለ ታቀርበዋለህ፣ ወይ ጥፋቱን በሴትዮዋ ላይ ጻፍና እናሰናብታት። ጊዜ እንጠይቃለን፣ አንተም ንጹሕ ትሆናለህ።"

"እንዳለ ከቀረበ ጥንዚዛዎቹ ይላካሉ ማለት ነው?"

"ይላኩ። ሄደው የሆነ ነገር አይበሉም?"

እኔስ ምን አልኩ? "ላስብበት።" ጀግና!

የካቲት 24፣ ማክሰኞ

ደብዳቤ ጻፍኩ። "ከተመደበችበት የሥራ ድርሻ ውጭ ባደረገችው ጣልቃ ገብነት ምክንያት..." አማርኛዬ እንዲህ የሰመረበት ቀን ትዝ አይለኝም። ለሰው ጉድጓድ ስትቆፍር ቃሉ ሳትጠራው ይመጣል።

ቅዳሜ ሁሉንም ነግሬያት የነበረችው ባለቤቴ ከኋላዬ ቆማ አነበበችው።

"ጥርሶቹን ያጠፋው ማን ነው?"

"እኔ።"

"ታዲያ ያንተን ስም የት ጣልከው?"

ደብዳቤውን በእጄ ሸፈንኩት።

"እኔ በዚህ ልብ መድኃኒት ብመዝን ስንቱን ቀብሬ ነበር" አለችና ልብስ ማጠፏን ቀጠለች። አልጮኸችም። ብትጮህ ይሻለኝ ነበር።

ቀደድኩት። ቁርጥራጩን ግማሹን እዚህ ቅርጫት፣ ግማሹን እዚያ። እንዳይገጣጠም። ፈሪ ጥሩ ነገር ሲሠራም እንደ ሌባ ነው።

የካቲት 26፣ ሐሙስ

ተናገርኩ።

ጥርሶቹ ያሉበትን ግራፍ ሰቀልኩ። የመጠቆሚያውን ብርሃን እያንዳንዱ ጥርስ ላይ አሳረፍኩ። "የጽዳት ሠራተኛችን አየር ይግባ ብለው ሳጥኑን በየቀኑ ቀትር ላይ ይከፍቱት ነበር። እኔ አላወቅኩም፤ ማወቅ ግን ሥራዬ ነበር። ምልክቱን አይቼ ያጠፋሁትም እኔ ነኝ።" ኃላፊው ጣሪያውን ያጠና ጀመር።

የአብቃዮቹ ተወካይ ድምፀ ጎርናና ሴትዮ ናት፣ የራሷም ማሳ አላት። "በአጭሩ ጥንዚዛው ይመጣል ወይስ አይመጣም?" አለች።

"አሁን አይመጣም። ቢመጣ እንቁላሉ እናንተ ጋ ፀሐይ ላይ ይሞታል። መርጨቱን ትታችሁ እሱን ስትጠብቁ ክሽክሹ ጎመኑን ይጨርሰዋል።"

"ስለዚህ ሙቀት የለመደ ነገር አልተገኘም?" ብሎ ጠየቀ ስንዴ የሚያጠናው የሥራ ባልደረባዬ። "ሳጥኑን የምትከፍት የጽዳት ሠራተኛ ናት የተገኘችው?"

አዳራሹ በሳቅ ፈረሰ። እኔም ሳቅሁ። ምን ላድርግ?

ኃላፊው ኮሪደር ላይ ጠበቀኝ። "አስተባባሪነቱን እርሳው።" "ረሳሁት" አልኩ። ውሸት። ይኸው አሁንም እያሰብኩት ነው... እንዲያውም የትኛውን ቢሮ እንደምወስድ መርጬ ነበር።

የካቲት 27፣ አርብ

እትዬ ይባረራሉ ብዬ ስፈራ ማንም ምንም አላላቸውም። ጥፋቱን ባደባባይ ከጠቀለልኩት በኋላ ለሌላ ሰው የሚተርፍ አልነበረም።

"እትዬ፣ ሁለት ነገር ልንገርዎት" አልኳቸው። "አንደኛ፣ እኔ ዶክተር አይደለሁም።"

"እሱንማ ማን የማያውቅ አለ?"

"ታዲያ ለምን ዶክተር ይሉኛል?"

"ደስ ይልሃላ!"

ዘጠኝ ዓመት "እርስዎ" ሲሉኝ ቆይተው ዛሬ "አንተ" አሉኝ። ምነው ቀለል አለኝ?

ሁለተኛው ጥያቄ ሆነ። ሲከፍቱት ምን ያያሉ?

"ሩብ ሰዓት አይበቃቸውም" አሉ። "አንድ ቀን አለቃህ ከምሳ ቀድሞ መጣና ቶሎ ዘጋሁት። የዚያ ሰሞን እንቁላሎች ጭምድድ ብለው ቀሩ። አርባ ደቂቃ ነው የሚፈልጉት። እርጥብ ጨርቅ መደረቡ ግን ምንም አይጨምርም፣ ሞክሬዋለሁ።"

ሞክሬዋለሁ!... እኔ መስመር ሳቃና እሳቸው ሙከራ ሲሠሩ ነበር። ደብተር አወጣሁ። "ቀስ ብለው ይንገሩኝ" አልኩ። እስከ ስምንት ሰዓት ጻፍኩ። ምሳ አልበላሁም። ከሃያ ሁለት ዓመት ወዲህ ለመጀመሪያ ጊዜ።

መጋቢት 15፣ ማክሰኞ

ሁለት ሳጥን፣ ሁለቱም ሠላሳ አምስት ዲግሪ። አንደኛው እንደተቆለፈ ይዋል፤ ቁልፉ ኪሴ ውስጥ። ሁለተኛው በየቀኑ ቀትር ላይ አርባ ደቂቃ ይከፈት፣ እሁድም ጭምር። "እሁድ ያንተ ተራ ነው" ብለው እትዬ ፈረዱብኝ። ሁለት እሁድ ባዶ ሕንፃ ውስጥ በርጩማ ላይ ተቀምጬ አራገብኩ። ጥበቃው በመስኮት አይቶኝ ራሱን ነቀነቀ።

ዛሬ ቆጠርን። ከተቆለፈው፣ ከሁለት መቶ እንቁላል ዜሮ። ከሚከፈተው፣ ከሁለት መቶው ውስጥ መቶ ሰባ አንድ።

ሙቀት የለመደች እንቁላል የለችም፤ ከሙቀቱ መሃል ግን አርባ ደቂቃ ፋታ ካገኘች የተጎዳውን ትጠግናለች። ይህን ለማወቅ ሃያ ሁለት ዓመትና አንዲት የጫጩት ባለሙያ ፈጀብኝ።

ኃላፊው መጥቶ ቁጥሩን አየ። "መልካም። ሜዳ ላይ ማን ሄዶ ለጎመን በር ይከፍታል?" አለና ወጣ። የሚያናድደው ጥያቄው ትክክል መሆኑ ነው። ከሰዓቱን ሙሉ ውኃ የሚረጭ፣ ሰዓት የተገጠመለት፣ አራት ጎማ ያለው ማሽን ስነድፍ ዋልኩ። እትዬ መወልወያቸውን ይዘው ከትከሻዬ በላይ ተመለከቱ።

"ይሄ ምንድን ነው?"

"ቀትር ላይ ጎመኑን የሚያቀዘቅዝ።"

"በቆሎ አይዘሩም?"

"ምን ያደርጋል?"

"ረጅም አይደለም እንዴ? በመስመር መሃል መሃሉን ቢገባ፣ ፀሐይ ዘወር ስትል ጥላው ጎመኑ ላይ አያርፍም?"

ማሽኑን አጥፌ ኪሴ ከተትኩት። ጎማዎቹን ግን አሳምሬ ነበር የሣልኳቸው።

ለተወካይዋ ደወልኩ። በአንድ ማሳ እሞክራለሁ አለች። "ውሸት ከሆነ ግን ጎመኑን አንተ ነህ የምትበላው።"

ሚያዝያ 8፣ ሐሙስ

የክፍሉ አስተባባሪነት ለስንዴው ሰውዬ ተሰጠ። ቀናሁ? ቀናሁ። ሁለት ቀን ሙሉ ሰላምታው ውስጥ ንቀት ስፈልግ ከረምኩ። የለበትም። ደግ ሰው ነው። እሱ ደግሞ ይበልጥ ያናድዳል።

ጽሑፉ ላይ የእትዬን ስም ከስሜ ጎን አሰፈርኩ። "የጽዳት ሠራተኛ ስም በጥናት ላይ አይገባም" ብሎ ኃላፊው ሰረዘው። መልሼ ጻፍኩት። ሰረዘ። ጻፍኩት። በአራተኛው ደከመው። እኔ ግን ጥንዚዛ ስቆጥር የኖርኩ ሰው ነኝ፤ መድገም አይደክመኝም።

ለእትዬ አሳየኋቸው። ፊደሉን በጣታቸው እየተከተሉ አነበቡት። "በትክክል ጽፈኸዋል" አሉ። "መታወቂያዬ ላይ እንኳ ተሳስቷል።" ከዚያ መስኮቱን ሁለት ጊዜ ወለወሉት።

ግንቦት 25፣ ማክሰኞ

ሜዳው ላይ ዋልን፣ እትዬና እኔ። ሙቀቱ ያቃጥላል። ጥንዚዛዎቹን ከለቀቅን አሥር ቀን ሆነ። በቆሎው ከእኔ ይረዝማል፤ እሱ በሁለት ወር የደረሰበትን እኔ በሃምሳ ዓመቴ አልደረስኩበትም። ባለማሳዋ ተወካይ እጇን ወገቧ ላይ አድርጋ ጠበቀችን።

"በሙቀት የማይሞተውን ይዘህ መጣህ?" ብላ ለከፈችኝ።

"እንደዚያ ያለ የለም። አለ ያልኩት እኔ ነኝ፣ ተሳስቼ ነው። በጥላ የሚተርፍ ካለ እንይ።"

ከሦስት ወር በፊት ይህን ለመናገር ስብሰባና የተቀደደ ደብዳቤ አስፈልጎኝ ነበር። ዛሬ ላቤን እየጠረግሁ አልኩት።

በመጀመሪያ ከበቆሎው የራቀውን ዳር አየን። እንቁላሎቹ ደርቀዋል፣ ቅጠሉ ክሽክሽ ለብሷል። ወደ መሃል ገባን። እትዬ ጎንበስ ብለው አንድ ቅጠል ገለበጡ። "ና እስቲ።"

አንድ በአንድ ቆጠርኳቸው። ሃያ ሦስት እንቁላል። አሥራ ዘጠኙ ተፈልፍለዋል። ግራጫ፣ ባለ ስድስት እግር እጮች፤ ከክር ቁራጭ አይበልጡም። አንዷ ከራሷ በላይ የሆነ ክሽክሽ ጨብጣ ትታገላለች። ባለማሳዋ ተንበርክካ አየች፣ ብዙ ቆየች።

"አሥራ ዘጠኝ ጥሩ ነው?"

"በጣም ጥሩ ነው።"

"አራቱስ ምን ሆኑ?"

አንድ የሚያምር ምክንያት ምላሴ ጫፍ ላይ ደርሶ ነበር። ስለ እርጥበት ምናምን... እትዬ ቀና ብለው አዩኝ።

"አላውቅም" አልኩ።

ደብተሬ ላይም እንደዚያው ጻፍኩ። ሃያ ሦስት። አሥራ ዘጠኝ ተፈለፈሉ። አራቱ፣ አላውቅም።